የሳዲቅ ልጅ በተውፊቅ ስም

ቢስቲማ፣ ወሎ
ነሐሴ 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሳዲቅ ልጅ፣ ለፋሪሃ፦

የአላህ ሰላም ከአንቺም፣ ከእናትሽ ከፋጤም ጋር ይሁን። እኛ ደኅና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ ከልኩ አላለፈም፣ አላነሰምም። ተማሪዎቼ ደረሶቹ በማደሪያቸው በሀሪማው ኪታባቸውን ይዘዋል፤ ሁለቱ በወባ ተኝተው ነበር፣ ተነሥተዋል። ደብዳቤሽ በመተማ መንገደኛ እጅ ደርሶኛል። ስልክ ለምን እንደማላነሣ ለጠየቅሽኝ፣ በስልክ የተባለ ነገር ከአፍ እንደ ወጣ ይበናል፤ ተናጋሪውም ነገ «አላልሁም» ይላል። የጻፈ ሰው ግን በጻፈው ይያዛል። አንቺም እንድትያዢ እሻለሁ።

የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ነው፤ ቀላሉን ላስቀድም። ተማሪ መምህሩን ማረም ይገባዋልን ብለሻል። ይገባዋል፤ ነገር ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መምህሩን ሳያዋርድ፣ ራሱም በሚያርምበት ነገር ንጹሕ ሆኖ ነው። በሕክምና ትምህርት ቤታችሁ በሽተኛ ከሕመሙ በፊት ዘሩን እንደሚጠየቅ፣ ዐረብኛ የማይችል ሰው እንደ ዕቃ እየተገላበጠ ለተማሪ እንደሚታይ፣ ይህ እንዲቀርም ለመምህራን ጉባኤ አቤቱታ ልታቀርቢ እንዳሰብሽ ጽፈሻል። «ብዝኃነትና አካታችነት» ያልሽው ቃል ለጆሮዬ እንግዳ ነው፤ ከስብሰባ አዳራሽ የመጣ ይመስላል። ነገሩ ግን አሮጌ ነው። ወደ ሀሪማችን የአፋርም፣ የአርጎባም፣ የጅማም ልጅ ይመጣል፤ በልቶ ሳይጠግብ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው የለም። ከጠገበ በኋላ ራሱ ይናገራል። ይህን ለመምህራንሽ መንገር ነውር የለበትም።

ከባዱ ሁለተኛው ነው። በዚያ ትምህርት ቤት የምትጠሪው በአባትሽ በሳዲቅ ሳይሆን፣ እናትሽ ታገለግለው በነበረው ሱዳናዊ፣ በሐጅ ተውፊቅ ስም እንደ ሆነ በራስሽ እጅ ጻፍሽልኝ። «ልጁ ነኝ ብዬ ገብቻለሁ፤ ይህ ይፈቀዳልን?» አልሽ። ከአምስት ዓመት ትምህርት በኋላ ጠየቅሽ! ፋሪሃ፣ ወንድሜ ሲሞት መሬት አልተወም፤ የተወው አንቺንና ስሙን ነው። ልጅ በአባቱ ይጠራል። አባቱ ያልሆነውን ዐውቆ «አባቴ» የሚል ሰው ምን እንደሚጠብቀው ከፊቴ ተቀምጠሽ የተማርሽው ገና ጥርስሽ ሳይነቀል ነው።

ይህ እንዴት እንደ ሆነ ጻፊልኝ፤ ፍርዴን ከዚያ በኋላ ትሰሚያለሽ። ደግሞ ስትሸሽጊ የኖርሽውን አሁን ያለ ምክንያት እንዳልገለጥሽ ዐውቃለሁ። የነካሽን ነገር አትደብቂኝ።

አጎትሽ ሸህ ኢክሪማ


ካርቱም፣ ሳጃና
ጳጉሜ 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለአባ ሸህ፦

ከሩቅ ሆኜ እጅዎን እስማለሁ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅር ይበሉኝ፤ የሚሄድ መንገደኛ አጥቼ ነው ብል ግማሹ ብቻ እውነት ይሆናል። እናቴ ደኅና ናት፤ ሰላምታዋንም ልካለች።

ስለ ስሜ የሆነው እንዲህ ነው። እናቴ እኔን ይዛ ካርቱም ስትገባ ዐሥር ዓመቴ ነበር። ወረቀት የሌለውን ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት አላገኘችም። እርሷ በሐጅ ተውፊቅ ቤት ልብስ ስታጥብ እኔ ከጓሮ ተቀምጬ የልጆቹን አሮጌ መጻሕፍት አነብ ነበር። ሐጁ አንድ ቀን ቆመው ሰሙኝ። «ያ ፋጤ፣ ይህች ልጅ ከግቢ ውስጥ ልትቀር ነውን?» አሏት። እናቴ አለቀሰች። በማግስቱ ወረቀት አውጪው መሥሪያ ቤት ይዘውኝ ሄዱና «ልጄ ናት» አሉ። ሲመለሱ «ኸላስ፣ አለቀ፤ ከዛሬ ጀምሮ ቢት ተውፊቅ ነሽ» አሉኝ፤ የተውፊቅ ልጅ ማለታቸው ነው። አሁን በሕይወት የሉም፤ አላህ ይማራቸው። ልጆቻቸው አይወዱኝም፣ አይጎዱኝምም። ነገሩ ቢታወቅ ግን በዚያ ስም የተማርሁት ሁሉ ይሰረዛል። ለመመረቅ የቀረኝ አንድ ዓመት ነው።

ደብዳቤዎን ለእናቴ ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰማችና እንዲህ አለች፦ «ለሸህ ኢክሪማ ጻፊለት። እሱ ስም ሲጠብቅ እኔ ልጅ ጠብቄያለሁ።» እንዳለች ጻፍሁት፤ ይቅርታዎን።

የነካኝን ጠይቀውኛል። በሐምሌ ወር አንድ ማለዳ ከፕሮፌሰሩ ጋር በሽተኞችን ልንጎበኝ፣ ራውንድ ከምንለው ገባን። ስለ በሽተኛዋ የሚያስረዳው ሙዓዊያ የሚባል የክፍላችን ልጅ ነበር፤ አንደበቱ የሰላ፣ ሰው በማሳቅ የታወቀ ነው። አልጋው ላይ ያለችውን ሴት በብዕሩ እያመለከተ፣ «መዲና፤ ሐበሽያ፤ የቤት ሠራተኛ፤ እግሯ ላይ መግል የያዘ ቁስል» አለ።

ፕሮፌሰሩ ፊቷን ሳያዩ «ጀንሲክ ሽኑ?» አሏት፤ ዘርሽ ምንድን ነው ማለት ነው።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ከስንቱ የሐበሻ ዘር አንዱን ጥሪና ተገላገይ፤ ማን ያጣራብሻል?» አለ ሙዓዊያ። ተሳቀ።

«ተው አንተ» አሉ ፕሮፌሰሩ፤ «ሐበሾች ወንድሞቻችን ናቸው። ሰይድና ቢላል ከእነርሱ አይደሉምን?» አሉና በዚያው ትንፋሽ፣ «የሐበሽያዋን ልብስ ግለጡት» አሉ። ማንም ሳያስፈቅዳት ገለጡት።

እኔ ሴትዮዋን ዐወቅኋት። መዲና አይደለችም፤ ዘሊካ ናት፤ የሳጃና ጎረቤታችን፣ የወሎ ልጅ። በአንድ ቤት ከሚያድሩት ሴቶች የመኖሪያ ፈቃድ ያላት መዲና ብቻ ስለ ሆነች፣ የታመመችው ሁሉ የመዲናን ካርድ ይዛ መዲና ሆና ትታከማለች። እዚህ ይህ የተለመደ ነው። የመዲና ማኅደር ደግሞ ፔኒሲሊን ተሰጥቷት እንደ ተስማማት ይናገራል። ዘሊካ ግን ባለፈው ረመዳን ያንኑ መርፌ ተወግታ ጉሮሮዋ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ እናቴ ናት በሪክሻ አሳፍራ ለሐኪም ያደረሰቻት። ነርሷ መርፌውን ይዛ ስትቀርብ ዘሊካ እኔን አየችኝ፤ ከዚያም ዓይኗን ጨፈነች። እንዴት ትናገር? መዲና ናታ!

«ቁሙ!» ብዬ በዐረብኛ ጮኽሁ። «ይህች መዲና አይደለችም፤ ዘሊካ ናት። መርፌው ይገድላታል!»

መርፌው ተመለሰ። ፕሮፌሰሩ «አንቺ በምን ዐወቅሻት?» ሲሉኝ «ጎረቤቴ ናት» አልሁ። ሙዓዊያ ከራሴ እስከ እግሬ ተመለከተኝና «ያ ሰላም! የቢት ተውፊቅ ጎረቤቶች ሐበሾች ናቸው ለካ» አለ።

አቤቱታውን ያሰብሁት ከዚያን ቀን በኋላ ነው። ዝናቡ እዚህ መንገዱን ሁሉ አጥለቅልቆታል። ለደረሶቹ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ፋሪሃ


ቢስቲማ
መስከረም 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለፋሪሃ፦

የአላህ ሰላም ይብዛልሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እኛ ደኅና ነን፤ ጤፉም ቁመት አውጥቷል።

የጻፍሽውን አንብቤ ስጨርስ ተመልሼ ከመጀመሪያው አነበብሁት፤ የጎደለ ነገር አለና። «መርፌው ተመለሰ» አልሽ፤ ቀጥለሽ የልጁን ፌዝ፣ ከዚያም ዝናቡን ጻፍሽልኝ። ሴትዮዋስ? ሰው ከሞት አስጥሎ የሚጽፍ ሰው እጁ ይፈጥናል፤ ያንቺ እጅ ግን ከዚያ በኋላ ከብዷል። ዘሊካ እንደ ምን ሆነች? በሚቀጥለው ደብዳቤሽ መጀመሪያ ላይ እንዳገኘው።

ለእናትሽ እንዲህ በያት፦ ቃልሽ ደርሶኛል። ልጅ መጠበቅሽን አልክድም፤ ዋጋሽን አላህ ይክፈልሽ። ፍርዴ ግን አልተለወጠም።

ሐጅ ተውፊቅ ደግ ሰው ነበሩ። ማንም በገዛ ስሙ የሰው ልጅ አይሸከምም፤ እርሳቸው ተሸክመዋል። ይሁንና ደግነት ሐሰትን ሐቅ አያደርገውም። ውኃ የጠማውን ሰው ከሌላ ሰው ጉድጓድ ቀድተው ቢያጠጡት ጥሙ ይረካል፤ ጉድጓዱ ግን የባለቤቱ ነው። ስምሽን መመለስ አለብሽ። መቼና እንዴት እንደ ሆነ ልንነጋገር እንችላለን፤ መመለስ አለመመለሱን ግን አንነጋገርበትም።

ሸህ ኢክሪማ


ካርቱም፣ ሳጃና
ጥቅምት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአባ ሸህ፦

ዘሊካ ሞታለች።

መጀመሪያ ላይ እንዲያገኙት ባዘዙት መሠረት ጻፍሁት። ባለፈው ያልጻፍሁት ረስቼ አይደለም፤ የጻፍሁትን ወረቀት ሁሉ እየቀደድሁ ነው።

ያን ማለዳ ከራውንድ እንደ ወጣን የመዝገብ ቤቱ ሰው መጥቶ ካርዷን ጠየቀ። የሌላ ሰው ካርድ ይዛ ገብታለችና ሹርጣ ይጠራ፣ ፖሊስ ማለት ነው፣ ተባለ፤ ዘበኛም ከክፍሉ በር ላይ ቆመ። በዚያ ሰሞን ከሻ ነበር፤ የውጭ አገር ሰው ከየመንገዱ እየታፈሰ በመኪና የሚጫንበት አፈሳ ነው። ለዙህር ሶላት ሰው ሲበታተን ዘሊካ መግሉ ሳይወጣላት ተነሥታ ሄደች። እኔ ያን ጊዜ ከትምህርት ክፍል ነበርሁ። «ዛሬ ሰው አዳንሁ» እያልሁ ነበር፣ አባ ሸህ፤ ለባልንጀሮቼ እየተረክሁ ነበር።

አብረዋት የሚያድሩት ሴቶች ወደ ሳጃና አልመለሷትም፤ መጥተው ይይዟታል ብለው በከተማው ዳር ካለው ከማዮ ሰፈር ወሰዷት። እኔና እናቴ ሰምተን ከሱቅ ዐረቢ ገበያ በአውቶቡስ ሄድን፤ ጭቃው አላሳልፍ ብሎን ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው ስንጠይቅ ዋልን። ስናገኛት ትኩሳቱ ወደ ደሟ ገብቶ ነበር። «ሆስፒታል እንመልስሽ» አልኋት። «በማን ስም?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ሌላ ቃል አልሰማሁም።

እውነት ተናገርሁ፣ አባ ሸህ። እርስዎ እንዳስተማሩኝ በብዙ ሰው ፊት፣ ጥርት ባለ ድምፅ። ጥፋቴ የቱ ላይ ነው?

ስለ አቤቱታውም ልንገርዎ። ከጥቂት ባልንጀሮቼ ጋር ሆነን የምንለምነው ይህን ነው፦ በሽተኛ ከሕመሙ በፊት ዘሩንና የመኖሪያ ፈቃዱን አይጠየቅ፤ ካርዱ ለፖሊስ አይታይ፤ ተማሪዎችም ዐረብኛ ከማይችል ሰው ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ ሰውነቱን ከመንካታቸው በፊት እንዴት እንደሚያስፈቅዱ የሚማሩበት አንድ ትምህርት ይሰጥ። ከማዮና ከሳጃና ሰዎች ተጠርተው ያስተምሩ። ዶክተር ሬሕማ የምትባል መምህርታችን ደግፋናለች። «በኅዳር መጨረሻ ጉባኤው ይሰማናል፤ የምትናገሪው አንቺ ነሽ፤ ያየሽው አንቺ ነሽና» ብላኛለች።

ሙዓዊያ ግን አልተወኝም። በሻይ ቤቱ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ቢት ተውፊቅ፣ አንቺ በሐበሾች ነገር ምን ቤት ነሽ? ወይስ ደምሽ ይጠራሻል?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። እስክመረቅ ይታገሡኝ። ሐኪም ከሆንሁ በኋላ የአባቴን ስም እመልሳለሁ። እንደ ዘሊካ ያሉት አልጋ አጠገብ አንዲት ቋንቋቸውን የምታውቅ ሐኪም ብትቆም ከብዙ አቤቱታ ትበልጣለች። አሁን ብናገር እነርሱም ሐኪም ያጣሉ፣ እኔም ሁሉን አጣለሁ።

ፋሪሃ


ቢስቲማ
ኅዳር 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለፋሪሃ፦

አላህ ዘሊካን ይማራት፤ በዚህ መስጊድ ስሟን ጠርተን ዱዓ አድርገንላታል። ለአንቺም ለፋጤም ትዕግሥቱን ይስጣችሁ።

ጥፋቴ የቱ ላይ ነው ብለሻል። ደሟ ከአንቺ ላይ የለም፤ ከበሽተኛ በር ላይ ዘበኛ ያቆሙ ይጠየቁበታል። ነገር ግን አላሞግስሽም። ሐኪሙ ጆሮ አለው፤ ጠጋ ብለሽ «ይህ መድኃኒት አይስማማትም» ብትዪው መርፌው ይመለስ ነበር። ስሟን በአደባባይ መጥራት ያንቺ ድርሻ አልነበረም። እውነትን በማን ፊት እንደምናወጣው ማወቅም የእውነት አካል ነው።

ይህን ቃሌን ይዘሽ ስለ ራስሽ እንደምትከራከሪኝ ይገባኛል፤ «እንግዲያውስ የእኔስ ለምን በአደባባይ ይወጣል?» ትያለሽ። ልዩነቱ ይህ ነው። የዘሊካ ስም የራሷ የዘሊካ ነበር፤ መደበቁም መግለጡም የእርሷ መብት ነው። አንቺ የለበስሽው ስም ግን የሌላ ሰው ነው፤ የደበቅሽውም የአባትሽን ነው። ደግሞም ያቺ ሴት የተሸሸገችው ከሞት ነበር። አንቺ የምትሸሸጊው ከምንድን ነው?

«ሐኪም ከሆንሁ በኋላ እመልሰዋለሁ» አልሽ። ሐኪም የምትሆነው ማን ናት? የተውፊቅ ልጅ ናት፤ እርሷ ደግሞ አልተወለደችም። ስለ ተሸሸጉ ሰዎች ለመናገር ተሸሽጎ የሚቆም ሰው፣ ቃሉ ምንም ያህል ቢያምር፣ አንድ ፌዘኛ ይበቃዋል። «እኔም ሳቅሁ» የሚለውን ቃልሽን ደጋግሜ አነበብሁት። ከደብዳቤሽ ሁሉ፣ ከሞቷም ይልቅ፣ እርሱ አስፈራኝ። ለዘሊካ አልቅሰሻል፤ ለዚያ ሳቅ ግን አንዲት መስመር ብቻ ሰጥተሽ አለፍሽ።

ከሩቅ ተቀምጬ በአንቺ አንገት የማዝ ሰው አይደለሁም። የዘር ሐረግ በሁለት የታመኑ ምስክሮች ይጸናል። አንዱ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛው ገዳሪፍ የሚኖረው የአባትሽ ባልንጀራ ሀሰን ነው፤ ስም በወጣልሽ ቀን አብሮን ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ መተማን ተሻግሬ አላውቅም፤ ጉልበቴም እንደ ቀድሞው አይደለም። የሆነ ሆኖ እመጣለሁ፤ በሸሪዓው ዳኛ ፊትም እቆምልሻለሁ። አስቀድሜ ግን አልመጣም። ያንቺን አንደበት የእኔ ጢም እንዲተካው አልሻም። ተናገሪ፤ ከዚያ ጻፊልኝ።

ሸህ ኢክሪማ


ካርቱም፣ ሳጃና
ታኅሣሥ 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአባ ሸህ፦

ተናግሬያለሁ።

አጭር ስለ ሆነብዎ ይቅርታ፤ የሚሄደው መንገደኛ ደጃፍ ቆሟል። አቤቱታውን አነበብሁ፤ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። የጉባኤው ሰብሳቢ በመልካም ፊት፣ «ልጄ፣ ልብሽ ርኅሩኅ ነው። ግን ይህ የእነርሱ ጉዳይ ነው፤ አንቺን እንዲህ ያስጨነቀሽ ምንድን ነው?» አሉኝ። መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ሰብአዊነት የሚያወራ፣ ማንንም የማያስቀይም። እርሱን ትቼ፣ «ጌታዬ፣ እኔ ከእነርሱ ነኝ። ስሜ ፋሪሃ ሳዲቅ ነው፤ አባቴ በወሎ ሞቷል፤ ሐጅ ተውፊቅ አሳዳጊዬ ናቸው» አልሁ።

ከዚያ የሆነውን በዝርዝር አልጽፍልዎትም። አቤቱታው ይመረመራል ተባለ፤ እኔ ግን ጉዳዬ እስኪጣራ ከበሽተኛ ክፍል እንዳልገባ ታዘዝሁ። ስሜን በፍርድ ቤት ካላረጋገጥሁ በአታላይነት እከሰሳለሁ። ዶክተር ሬሕማ በኮሪደሩ ያዘችኝና፣ «መጅኑና! ዕብድ! አንድ ዓመት ምላስሽን መያዝ አቃተሽ?» ብላ ጮኸችብኝ፤ ከዚያ ዐቅፋኝ አለቀሰች።

እናቴ አታናግረኝም። ምግቤን ታቀርብልኝና ትወጣለች።

ይምጡልኝ።

ፋሪሃ ሳዲቅ


ቢስቲማ
ጥር 26 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለፋሪሃ ሳዲቅ፦

ከካርቱም በሰላም ገብቻለሁ። መንገዱ ጉልበቴን አሳብጦታል፤ ደረሶቹ ቅቤ እያሹልኝ ነው። አታስቢ።

ዳኛው ሥርዓት የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ሀሰን ሲመሰክር እንዳለቀሰ አይተሻል፤ እኔ አላለቀስሁም፤ ምስክር ሲያለቅስ ዳኛ ይጠራጠራል ብዬ ነው። ስምሽ በፍርድ ጸንቷል። ለዚህ አላህን አመስግኚ፣ እኔን አይደለም።

ፋጤ እጄን አስታጥባ አበላችኝ፤ አንድም ቃል ግን አልተነፈሰችልኝም። መብቷ ነው። ስወጣ ደጃፍ ላይ «ልጄን እንግዲህ ምን ላድርጋት?» ያለችው ለእኔ ይሁን ለራሷ አልለየሁም። እስከ ገዳሪፍ ድረስ ሳስበው ሄድሁ።

ትምህርት ቤቱ ምን ወሰነ? የለመናችሁትስ ትምህርት ተጀመረ? ማን ይሰጠዋል? ደግሞ ምንም እንዳትደብቂኝ። ክፉውን ወሬ የምታሽሞነሙኚበት ልማድሽ ከስምሽ ጋር ይቅር።

ሸህ ኢክሪማ


ካርቱም፣ ሳጃና
የካቲት 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአባ ሸህ፦

እጅዎን እስማለሁ። የጉልበትዎን እብጠት ለዶክተር ሬሕማ ነግሬያት የላከችው መድኃኒት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ ከምግብ በኋላ ይውሰዱት።

ምንም አልደብቅዎትም። ትምህርት ቤቱ ወስኗል። ፋሪሃ ተውፊቅ የምትባል ሴት ስለሌለች የተማረችው ተሰርዟል። ፋሪሃ ሳዲቅ የምትባለው ደግሞ ተምራ አታውቅም፤ ከፈለገች እንደ ማንኛውም የውጭ አገር ሰው አመልክታ፣ ቢቀበሏት ከአንደኛ ዓመት ትጀምራለች። ክስ አልመሠረቱብኝም፤ ይህ በእርስዎና በሀሰን ምስክርነት ነው። እናቴ እንደገና ታናግረኛለች። ትናንት እንደ ልማዷ «ዶክተራ፣ እራት ቀርቧል» ብላ ጠራችኝና አፏን በሻሿ ያዘች። እኔ እንዳልሰማ ሆኜ ቀርቤ በላሁ።

ይጸጽትሽ እንደ ሆነ አልጠየቁኝም፤ ባይጠይቁኝም ልመልስ። በቀን ጊዜ አይጸጽተኝም። ከመንገድ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ተማሪ ሳይ ግን ፊቴን አዞራለሁ። በመናገሬ ልክ ነበርሁ፤ ልክ መሆን እንዲህ ባዶ እጅ እንደሚያስቀር ግን አላስተማሩኝም ነበር። ይህን የምጽፈው ልወቅስዎ አይደለም፤ አታሽሞንሙኚ ስላሉኝ ነው።

ከለመንነው ግማሹን ፈቀዱ። ዘበኛው ከበሩ አልተነሣም። ዘርን መጠየቁ ግን ከሕመሙ ታሪክ መጀመሪያ ላይ ወጥቷል፤ ትምህርቱም ባለፈው ሰኞ ተጀመረ። በአቤቱታው ላይ ስሜ የለም። ዶክተር ሬሕማ ለመጀመሪያው ቀን በሽተኛ መስላ የምትተኛ፣ ዐረብኛ የማትናገር ሴት ፈለገች። የሳጃናዎቹን ለመንናቸው፤ ፈሩ፤ አልፈርድባቸውም። «እኔ እሄዳለሁ» አልኋት። «አንቺማ አይሆንም» አለችኝ። «በሐኪምነት አትግቢ ነው የተባልሁት፤ በበሽተኝነት አትግቢ አልተባልሁም» አልኋት። አልሳቀችም።

ስለዚህ የእናቴን ቶብ፣ ረጅሙን የሱዳን መጠቅለያ ለብሼ፣ ራሴን ተከናንቤ፣ ለልምምድ ከሚዘጋጀው አልጋ ላይ ተኛሁ። የክፍሌ ልጆች ሁሉ ከመጋረጃው ወዲያ ቆመዋል። መልሴን ዶክተር ሬሕማ አስጠንታኛለች፦ ከሆዴ በስተቀኝ ያመኛል፤ ከትናንት ወዲያ ጀመረኝ፤ ማስመለስም አለኝ። በአማርኛ ብቻ እንድመልስ፣ እንዳላግዛቸውም ታዝዣለሁ።

መጀመሪያ የተላከው ሙዓዊያ ነው። እርሱም አስቀድሞ አላወቀም ነበር። መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ሲያየኝ ቆመ፤ ከኋላው አንዱ «ያላ፣ ግባ እንጂ! ሐበሽያዋ አትበላህም» አለው፤ ሌሎቹ ተንከተከቱ። እርሱ አልሳቀም። መጋረጃውን መልሶ ዘጋና ከውጭ ሆኖ በዐረብኛ፣ «ልግባ?» አለ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ አላየኝም። «ግባ» አልሁት በአማርኛ።

ገባ። ሊነካኝ አልደፈረም። እጆቹን ከየት እንደሚያኖራቸው ቸገረው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ያጣ ሰው ይመስል ነበር። ሁላቸውም እንዲያጠኑት የተሰጣቸውን የአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር በከንፈሩ ሲለማመድ አየሁት። ከዚያም ቃላቱን አንድ በአንድ እየረገጠ፣ በአክብሮት፣

«የት ያምዎታል?» አለኝ።

አባ ሸህ፣ ያጠናሁት መልስ ጠፋብኝ። ከሆዴ በስተቀኝ ማለት ነበረብኝ፤ ቀላል ነበር። ዶክተር ሬሕማ ከጥግ ሆና በእጇ ሆዷን አሳየችኝ፤ እያየኋትም ሆዴ ትዝ አላለኝም። ሙዓዊያ ዓረፍተ ነገሩን ያበላሸ መሰለውና ይበልጥ ዝግ ብሎ ደገመው።

«የት ያምዎታል?»

አልመለስሁለትም። እርሱም አልሄደም፤ ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ።

ፋሪሃ ሳዲቅ